ተያዥ የሌለው ሥራ

አገር ቤት ሰው ቤት ገብቶ ለመሥራት መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ "ተያዥ አለሽ?" ነው። የሚጠየቀው ለአሠሪው ተብሎ ነው፣ ዕቃ ቢጠፋ የሚያዝ ሰው እንዲኖር። ግን ሳይታሰብ ሠራተኛዋንም ይጠቅማታል። ያገናኛት ዘመድም ሆነ ደላላ የት እንደገባች ያውቃል፣ ጎረቤት ያያታል፣ ዘበኛው ስትወጣ ስትገባ ይመለከታል። (እዚያ ሁሉም ሰላም ነው እያልኩ አይደለም። በር ተዘግቶባቸው የሚበደሉ አሉ፤ ደላላውም ችግር ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከከፋዩ ጎን ነው የሚቆመው።)

ውጭ አገር በግሏ ጽዳት የምትሠራዋ ግን መሃል ላይ ማንም የላትም። ደንበኛው ስልኳን ከማስታወቂያ ያገኛል፣ ቴክስት ይልካል፣ አድራሻ ይሰጣል፣ እሷም ማጽጃዋንና ጨርቋን ሸክፋ ትሄዳለች። እሱ ስለ እሷ ሁሉን ጠይቋል። እሷ ስለ እሱ የምታውቀው የበሩን ቁጥር ነው። ለምን አልጠየቅሽም ሲሏት "ምን ይለኛል?" ትላለች። እኔ የምታዘበው ይህችን ነገር ነው። ይሉኝታ የሚያዋጣው ሁለታችሁንም የሚያውቅ ሰው ሲኖር ነው፤ ክፉ ቢሠራ እሱም የሚያፍርበት ሰው አለና። ማንም በማያውቃችሁ ከተማ ግን ይሉኝታው የእናንተ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 ለንደን ውስጥ የጠፋችው ሱዚ ላምፕሉ የ25 ዓመት ወጣት ነበረች። ሥራዋ ቤት ማሻሻጥ ነው። ማስታወሻዋ ላይ "ሚስተር ኪፐር" ብላ ሰዓቱንና አድራሻውን ጽፋ ደንበኛ ልታገኝ ወጣች፣ አልተመለሰችም። እስከ ዛሬም አልተገኘችም። ወላጆቿ በዚያው ዓመት በስሟ ስለ ግል ደኅንነት የሚያስተምር ድርጅት አቋቋሙ። ልብ በሉ፣ እሷ ቢሮ ነበራት፣ ባልደረቦች ነበሯት፣ ፖሊስ የሚነሳበት የተጻፈ ነገር ትታ ሄዳለች። በግሏ የምታጸዳ ሴት ይህንንም ራሷ ካላዘጋጀች የላትም።

ሕጉም ቢሆን ሩቅ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያጸደቀው የቤት ሠራተኞች ስምምነት፣ ቁጥር 189፣ የሚያወራው አሠሪ ስላላት ሠራተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ቁጥር 190 ደግሞ ከጥቃትና ከትንኮሳ የሚጠብቀው የቅጥር ሁኔታን ሳይለይ ነው። ደስ ይላል። ግን ስምምነት በር አያንኳኳም።

የማውቃት አንዲት ጎበዝ ሴት አለች፣ በመጀመሪያው ቀን አታጸዳም። በቀን ብርሃን ሄዳ ቤቱን አይታ፣ ዋጋ ተነጋግራ ትመለሳለች። ከዚያ በፊት በስልክ ድምፁን ትሰማለች፤ ሙሉ ስም፣ ፎቅና የቤት ቁጥር፣ ቤት ውስጥ ማን እንደሚኖር፣ ውሻ ካለ ትጠይቃለች። "ሁሉንም ደንበኛ ነው የምጠይቀው" ትላለች፣ በቃ፣ ማንም አይቀየማትም። ስትገባ ሰውየውን ታስቀድማለች፣ እሷ ከኋላ። ዓይኗ በሩ ላይ ነው፦ ከውስጥ በእጅ ይከፈታል ወይስ ቁልፍ ይፈልጋል? ስልኳ ቻርጅ ተደርጎ ሽርጥ ኪሷ ውስጥ ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ትታው ሌላ ክፍል አትገባም። የተሰነጠቀ ነገር ካየች ሳትነካው ፎቶ አንስታ ለባለቤቱ ትልካለች፤ "አንቺ ነሽ የሰበርሽው" የሚለው ክርክር እዚያው ያልቃል። ለእውነተኛው ሰበራ ደግሞ ኢንሹራንስ ገብታለች። ባል የላትም፣ ግን "ባሌ ሊወስደኝ ይመጣል" ማለት ታውቅበታለች።

የማጽጃው ነገር ራሱን የቻለ አደጋ ነው። እኛ በረኪና ካልሸተተን ቤቱ የጸዳ አይመስለንም። በረኪና አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ሲቀላቀል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ደግሞ ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዝ። ሁለቱም ሳንባ ይጎዳሉ። የሰው ቤት መታጠቢያ ጠባብ ነው፣ መስኮትም ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ጽሑፉ የለቀቀ ጠርሙስ ሲሰጧችሁ አመስግናችሁ ወደ ጎን አድርጉትና የራሳችሁን ተጠቀሙ።

ገና ሳያያችሁ ከተስማማችሁበት በላይ የሚከፍል ደንበኛም አለ። "ተሳስቼ ነው፣ ትርፉን መልሺልኝ" ይላል። እናንተ ከኪሳችሁ ትልካላችሁ፣ የእሱ ቼክ ከቀናት በኋላ ውድቅ ይሆናል። የታወቀ ማጭበርበር ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ቤት ቁጭ ያለው ሰው ነው። አድራሻና የመውጫ ሰዓት ለጓደኛ መላክ ብዙዎች ጀምረዋል፣ ጥሩ ነው። ሰዓቱ ሲያልፍ ጓደኛዋ ምን ታደርጋለች? "አውቶቡስ ውስጥ ትሆናለች"፣ "ስልኳ ዘግቶ ይሆናል" እያለች ሁለት ሰዓት ታሳልፋለች፤ ፖሊስ ደውላ በኋላ ከንቱ ሆኖ ቢገኝ ታፍራለቻ። ስለዚህ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሰዓቱ ባለፈ በስንት ደቂቃ ትደውላለች፣ ካልተነሳስ ቀጥሎ ማን ጋ? ስልክ አንስታችሁ "ሰማያዊውን ጨርቅ ረሳሁት" ብትሉ ችግር ላይ ነኝ ማለት እንደሆነ ትወቅ። የፖሊስ ቁጥሩንም አሁኑኑ ስልኳ ላይ ትመዝግብ።