ውዳሴ ሸምዳጅ

ምስጋና የሚገባውን ሰው ሳያመሰግኑ ዝም ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ዛሬ ዲክሽነሪ ሸምዳጆችን ላመስግን። በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። በየመሥሪያ ቤቱ ደግሞ ሁለት አሉ፤ እርስ በርስ አይነጋገሩም።

የእኛ ሰፈር ሸምዳጅ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። በዕድሜ የሚበልጧቸው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ «ጋሼ» ይሏቸዋል። እንግሊዝኛ ዕድሜ ይጨምራል።

ዲክሽነሪያቸውን አንድ ቀን አይቼዋለሁ። መስኮቱ አጠገብ፣ በዳንቴል ተሸፍኖ ተቀምጧል። ጎኑን ላየው ሰው ጉድ ነው። ከፊት ያለው፣ የጣት ውፍረት የማይሞላው ክፍል፣ በላብና በጣት ቅባት ጠቁሯል። ጠርዙ ተበልቷል። አንዱ ገጽ በፕላስተር ተጠግኗል። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ነጭ ነው። «ኤም» የሚባለው ፊደል ከማተሚያ ቤት ከወጣ ጀምሮ ሰው አይቶ አያውቅም።

ድሮ ተማሪው የሸመደደውን ገጽ እየቀደደ ይበላ ነበር ይባላል። ጋሼ እንዲያ ቢያደርጉ ኖሮ አንድ ቁርስ እንኳ አይሞላላቸውም ነበር። ምክንያቱም ጋሼ የሚያውቁት «ኤ»ን ነው። ከ«ኤ»ም ውስጥ «ኤቢ» ብለው የሚጀምሩትን። በየእንቁጣጣሹ ዕቅድ ያወጣሉ። ዘንድሮ ከዳር እስከ ዳር! ከመጀመሪያው ገጽ ይነሳሉ። ጥቅምት ላይ ብርዱ ይመጣል፣ ኅዳር ላይ ጾም ይገባል፣ ጥር ላይ ሠርግ ይደራረባል። በሚቀጥለው መስከረም እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ። 30 ዓመት ሙሉ አንዲትን ማሳ ብቻ የሚያርስ ገበሬ አስቡ። ያቺ ማሳ እንዴት አትለሰልስ?

ሳቅ አይገባም። ትልልቆቹም እዚያው ነው የተያዙት። ጄምስ ሙሬይ የተባለው ሊቅ የኦክስፎርድን ታላቅ ዲክሽነሪ እ.ኤ.አ. በ1879 ሲረከብ በ10 ዓመት ያልቃል ተብሎ ነበር። ግቢው ውስጥ ቆርቆሮ ቤት ሠርቶ ቃል ሲለቅም ከረመ። በ1884 የመጀመሪያው ክፍል ታተመ። 352 ገጽ ነው። የት ደረሰ? ከ«ኤ» ተነስቶ «አንት» ላይ። ጉንዳን ላይ! አምስት ዓመት ሠርቶ ጉንዳን ላይ ደረሰ። ሥራው ያለቀው በ1928 ነው። ሙሬይ ግን በ1915 ሞቷል። ጋሼ ይህንን ታሪክ ይወዱታል። «እሱስ ሠራተኛ ነበረው» ይላሉ።

«ኤቢ» ዝም ብሎ ሁለት ፊደል አይደለም። በላቲን «መራቅ፣ መለየት» ማለት ነው። ከክፍል የራቀ ተማሪ «አብሰንት» ነው። ከወትሮው የራቀ ነገር «አብኖርማል» ነው። «ሲ» ወይም «ቲ» ሲከተለው «ኤስ» ይጨምርና «አብስኮንድ»፣ «አብስቴን» ይሆናል። ጋሼ ይህን ባጠኑ ቁጥር እሳቸውም ከእኛ እየራቁ ሄዱ።

ከሁሉ የሚወዱት «አብስኳቹሌት» የሚለውን ነው። አሜሪካኖች በ1830ዎቹ ለቀልድ የፈጠሩት ቃል ነው። ላቲን እንዲመስል ቀንድና ጅራት ቀጠሉለት። ትርጉሙ ሳይሰናበቱ ላጥ ማለት ነው። እኛ «እብስ አለ» እንላለን። አያችሁ? «አብስ» እና «እብስ»። ዝምድና የላቸውም፤ የድምፅ አጋጣሚ ነው። ጋሼ ግን አጋጣሚ አይቀበሉም። «ከእኛ ወስደው ነው» ይላሉ። ክርክር የለም።

ሥጋ ቤት የሄዱ ዕለት አብሬያቸው ነበርኩ። «ይህ ሥጋ ከየትኛው አባትዋር ነው የመጣው?» አሉት ልጁን። ልጁ ቢላውን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ አባቴ እዚህ ሥራ ላይ የለበትም። ከቄራ ነው የመጣው» አለ። አባትዋር ማለት ቄራ ማለት ነው። እንግሊዞች ከፈረንሳይ የተዋሱት ቃል ነው። ጋሼ አዘኑለት። ቀጠሉና «እሺ፣ አቦማሰም አለ?» አሉ። አቦማሰም የከብት አራተኛው ሆድ ነው። ከጥጃ አቦማሰም አይብ ለማርጋት የሚጠቅም ነገር ይወጣል። ልጁ ይህን ሁሉ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ሆዱን ከፍቶ ማጠብና ጨጓራውን ከሽንፍላው መለየት ብቻ ነው። «ሁሉም አለ ጋሼ፣ ስንት ኪሎ?» አለ።

«አብሊጉሪሽን» የሚባልም አላቸው። መሃሉ ላይ ጉርሻ ያለበት ይመስላል፤ ብዙም አልተሳሳታችሁም። ገንዘብን በመብልና በመጠጥ መጨረስ ማለት ነው። ደመወዝ በወጣ ማግስት ቁርጥ ቤት የምናደርገውን ማለት ነው። ድሮ ሚስት «ብሩ የት ገባ?» ስትል መልስ አልነበረንም። አሁን «አብሊጉሪሽን ቆረጡብን» ይባላል። ግብር ይመስላታል።

ተቃራኒው «አብስቴሚየስ» ነው። በምግብም በመጠጥም ልኩን የሚያውቅ ሰው። ቃሉ ውስጥ አምስቱ የእንግሊዝኛ አናባቢዎች ተራቸውን ጠብቀው ተሰልፈዋል። ጋሼ ይህንን የነገሩኝ ጠጅ ቤት፣ ሦስተኛውን ብርሌ እንደያዙ ነው።

«አባሲኔት» ደግሞ አለ። የጋለ የመዳብ ሳህን ዓይን ፊት ይዞ ማሳወር። ይህን ቃል ለዓመታት ይዘውት ዞረዋል። የሚናገሩበት አጋጣሚ አላገኙም። እግዜርም አያምጣው።

አሁን ወደ ትልቁ ውለታቸው ልምጣ። የእድራችን ድንኳን ያረጀ ጊዜ ነው። አንድ ክረምት ለቅሶ ላይ ጣሪያው አፈሰሰና ንፍሮው ሳህን ውስጥ ዋኘ። ስብሰባ ተጠራ። አዲስ ይገዛ የሚለው ሊጸድቅ ሲል ጋሼ እጃቸውን አወጡ። ተነሱ። ኮታቸውን ቆለፉ። «የድንኳኑ ጉዳይ» አሉ፤ «በእኔ በኩል በአቤያንስ ቢሆን ይመረጣል።»

አቤያንስ ማለት ለጊዜው ማቆየት ነው። ይደር ማለት ነው። ጋሼ ገንዘብ እስኪጠራቀም እንታገሥ ማለታቸው ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነበር። በአማርኛ ቢሉት ኖሮ ቢያንስ አምስት ሰው ይቃወማቸው ነበር። እንዲህ ሲሉት ግን ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረ፤ «ድንኳኑ አቤያንስ የተባለው ዓይነት ሆኖ እንዲገዛ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

በማግስቱ ሦስት ሆነን መርካቶ፣ ሸራ ተራ ወረድን። «አቤያንስ አለ?» አልነው አንዱን ባለሱቅ። መርካቶ ውስጥ «የለም» የሚባል ቃል የለም። ሰውዬው ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ «ኦሪጅናሉ አልቋል፤ የቻይናው ግን አለ» አለን። ዘርግቶ አሳየን። ውኃ አፈሰሰበት። ኦሪጅናሉ ቢኖር ዋጋው እጥፍ እንደሚሆን በልጁ ማለልን። ተከራክረን ገዛን።

ጋሼ ድንኳኑን ሲያዩ ምን አሉ? ምንም። ቢናገሩ ማስረዳት ሊመጣ ነው። ማስረዳት ደግሞ ከሸምዳጅ ክብር በታች ነው። አንዴ ዞሩት። ገመዱን ነካ ነካ አደረጉ። «መልካም አቤያንስ ነው» አሉ። እስከ ዛሬ ድረስ ሰፈራችን ድንኳኑን «አቤያንስ» ነው የሚለው። «አቤያንሱን አምጡ» ሲባል ሰው ሞቷል ማለት ነው።

አንዳንድ ሰው «የቆሎ ተማሪስ ግስ ይሸመድድ የለም ወይ?» ይለኛል። ይሸመድዳል። ግን እሱ ባጠናው ግስ ቅኔ ይቆጥርበታል፤ ጓደኛው ሰምቶ ይፈታለታል፤ መምህሩ ያርመዋል። የጋሼ ጥበብ ከዚህ ይረቅቃል። የእሳቸው ሰም ብቻ ነው። ወርቁን ዳንቴሉ ሥር ትተውት ነው የሚወጡት።

ባለፈው ክረምት የወንድማቸው ልጅ ከአሜሪካ መጣ። ሜሪላንድ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። አማርኛው ይደናቀፋል፤ እንግሊዝኛ ግን አፉን የፈታበት ነው። ሰፈሩ ጓጓ። ሁለቱ ሊቃውንት ሊገናኙ ነው። ምሳ ላይ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «መቼ ነው አብስኳቹሌት የምታደርገው?» አሉት። የልጁ እጅ ጎመኑን እንደያዘ አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«አጎቴ፣ ምንድን ነው እሱ?»

ጋሼ ደገሙለት። ሆሄውን አንድ በአንድ ቆጠሩለት። ልጁ ስልኩን አወጣ፤ ፈለገ፤ አገኘው። ፊቱ ተለዋወጠ። «ውጣ እያልከኝ ነው?» አለ። አክስቱ ናት በምልጃ ያስቀረችው። ማታ ጋሼ ለብቻዬ ጠርተው «አሜሪካ ትምህርት ሞቷል» አሉኝ። «የራሳቸውን ቋንቋ እንኳ አያስተምሯቸውም።»

እኔም አንድ ቀን ልፈትናቸው ብዬ ያንን የጠቆረውን ክፍል ገለጥኩ። «አቡና» የሚል ቃል አየሁ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አባት መጠሪያ ነው ይላል።

«ይህስ ጋሼ?»

«እሱን ዘልዬዋለሁ።»

«ለምን?»

«የሚገባ ቃል ምን ይሠራልኛል?»

«ኤቢሲዴሪያን» አልኳቸው። ፊታቸው በራ። ገና ፊደል የሚቆጥር ጀማሪ ማለት ነው፤ ከ«ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ» የተሠራ። «አቡጊዳስ?» ስላቸው ግን ሳቁብኝ። «እሱማ የቄስ ትምህርት ቤት ነው።» እንግዲህ ነገርኳቸው። ፒተር ዳንኤልስ የሚባል አሜሪካዊ የጽሕፈት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 የእኛኑ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ ወስዶ የአንድ የጽሕፈት ዓይነት መጠሪያ አድርጎታል። ተነባቢው ከነአናባቢው በአንድ ምልክት የሚጻፍበት ሁሉ፣ የሕንዶቹ ፊደል ጭምር፣ በፈረንጅ አፍ «አቡጊዳ» ነው። ጋሼ ዝም አሉ። ብዙ ቆዩ። «እንዲያ ከሆነ አጠራሩን ማጥናት አለብኝ» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአፍንጫቸው «ኣቡጊይዳ» ይላሉ።

ስለ ሳሙኤል ጆንሰን ግን አልነገርኳቸውም፤ ፈራሁ። ጆንሰን በ1755 ዝነኛውን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያወጣ ሰው ነው። ከዚያ 20 ዓመት ቀድሞ ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ ግን ትርጉም ነበር። ሎቦ የሚባል ፖርቱጋላዊ ቄስ ወደ ሀበሻ አገር ያደረገውን ጉዞ ነው የተረጎመው። ሰውዬው መጀመሪያ እኛን አጥንቶ ነው ወደ ዲክሽነሪው የሄደው። ይህን ብነግራቸው ጋሼ በእድሩ በኩል ካሳ ሊያስጠይቁት ይችላሉ።

ዘንድሮ ታዲያ ተአምር ሆነ። ጋሼ ከ«ኤቢ» ወጡ። «ኤሲ» ገቡ። ሰፈሩ ይህን የሰማው ባለፈው እሑድ፣ የእድሩ ሰብሳቢ ምርጫ ላይ ነው። ጋሼ ተጠቆሙ። «ኧረ እኔ አልችልም፤ ወጣት ይያዘው» አሉ። ሰው ለመነ። «አይሆንም፤ ጉልበቴም ደክሟል» አሉ። ይህ የታወቀ ሥርዓት ነው። ድግስ ላይ «በቃኝ» እንደማለት ነው። በሦስተኛው ልመና «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ» ተብሎ ያልቃል። ቤቱ ለሦስተኛው ልመና ሲነሳ ግን ያ ጸሐፊ ብዕሩን አነሳና «ጋሼ፣ ምክንያትዎን ላስመዝግብ?» አለ።

ጋሼ ፈገግ አሉ። ጠዋት የያዙት ትኩስ ቃል ነበራቸው።

«አክሲስመስ» አሉ።

አክሲስመስ ማለት የሚፈልጉትን ነገር የማይፈልጉ መስሎ እምቢ ማለት ነው። ሦስተኛውን ልመና እየጠበቅኩ ነው ማለታቸው ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ልኩን ያገኘ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ጸሐፊው ጻፈ፤ «ጋሼ ባደረባቸው የአክሲስመስ ሕመም ምክንያት ራሳቸውን አግልለዋል። እድሩ ምሕረቱን እንዲያወርድላቸው ይመኛል።» ሌላ ሰው ተመረጠ።

ማታ በራቸው ላይ ሰው ተሰልፏል። ብርቱካን የያዘ አለ፣ ሙዝ የያዘ አለ። አንዲት እናት «የእህቴንም ልጅ ይዞት ነበር፤ ጠበል ነው ያሻለው» እያሉ ያጽናናሉ። ጋሼ ጋቢ ደርበው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አንዴ እኔን አየት አደረጉኝ። ከዚያ ሳል ሳል አሉ።