ኖራው ላይ ሲሚንቶ ጣል አታድርጉበት

ውርጭ የመታው የኖራ ሞርታር፣ ማለትም የግድግዳን ድንጋዮች የሚያያይዘው የኖራና የአሸዋ ቅልቅል፣ ከሩቅ ሲያዩት ምንም የሆነ አይመስልም። ጠጋ ብላችሁ በቁልፍ ጫፍ ጫር አድርጉት። የላይኛው ቅርፊት እንደ ስስ ወረቀት እየተላጠ ይነሣል። ከሥሩ ያለው ደግሞ እፍ ሲሉት እንደ ደረቅ አሸዋ ይራገፋል። ይህን ያየ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ «ኖራ ደካማ ነው፤ ትንሽ ሲሚንቶ ጣል አድርጉበት።»

እኔ በዚህ አልስማማም። እዚህ ጋ ጥፋተኛው ውሃ ነው።

ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ በ9 በመቶ ገደማ ይሰፋል። በሞርታሩ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ግማሽ ድረስ ብቻ ውሃ ከያዙ በረዶው መስፊያ ቦታ አያጣም። እስከ አፋቸው ከሞሉ ግን ዙሪያውን ይገፋል፣ ይሰነጥቃል። ሲቀልጥ ስንጥቁ ሌላ ውሃ ይጠጣል። በማግስቱ ሌሊት ያው ይደገማል።

ኖራ ለዚህ ይበልጥ የሚጋለጠው ቀርፋፋ ስለሆነ ነው። ንጹሕ ኖራ እንደ ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ተዋህዶ አይጠነክርም። ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ መጣበት የኖራ ድንጋይ ይመለሳል። ጥንካሬው ከላይ ጀምሮ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በወር ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። በዓይን ማየትም ይቻላል። ከሞርታሩ ቁራጭ ሰብራችሁ፣ አዲሱ ስብራት ላይ ፊኖልፍታሊን የሚባለውን ፈሳሽ ጠብ አድርጉ። የጠነከረው ጠርዝ ቀለሙን አይቀይርም። ገና ጥሬ የሆነው መሐሉ ግን ደማቅ ሮዝ ይሆናል። ግንበኛው «ደርቋል» ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ሲሄድ ግድግዳው ውስጥ ትቶ የሚሄደው ይህንኑ ሮዝ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሔ ጊዜ ነው። ውርጭ ሊገባ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው የንጹሕ ኖራ ሥራ መጀመር የለበትም። ሦስት ወር ቢያገኝ ደግ ነው። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች ከወረደ ሥራው ይቁም። ፀሐይና ነፋስ በአንዴ እንዳያደርቁት በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን፤ ኖራ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለመሳብ ትንሽ እርጥበት ይፈልጋልና። ውርጩ ሲመጣ ግን ያው እርጥብ ጆንያ ጠላት ይሆናል፤ በደረቅ መቀየር አለበት። ይህችን የሚረሳ ስንት ነው!

ወደ ሲሚንቶው ልመለስ። ሲሚንቶ የበዛበት ሞርታር ጠንካራና ጥብቅ ነው፤ ጣጣውም እሱ ነው። ግድግዳው ውስጥ የገባው ውሃ በሞርታሩ በኩል መውጣት ሲያቅተው ድንጋዩ ውስጥ ይቀመጣል። ውርጩም ሞርታሩን ትቶ ድንጋዩን ይልጠዋል። የተበላ ሞርታር ተፍቆ በአዲስ ይተካል። የተላጠ የጥርብ ድንጋይ ፊት ግን ምን ይደረጋል?

የሚገርመው፣ የሲሚንቶ ሰዎች ራሳቸው ውርጭን የረቱት በጥንካሬ አይደለም። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ የኮንክሪት መንገዶች ከሌሎቹ በተሻለ ውርጭ ሲቋቋሙ ታየ። ምክንያቱ ሲጠና፣ ሲሚንቶው ሲፈጭ የተጨመረበት የእንስሳት ስብ ኮንክሪቱ ውስጥ ደቃቅ የአየር አረፋ አስቀርቶ ተገኘ። አረፋው ለበረዶው መስፊያ ሆነለት። ለኖራም የሚበጀው ይኸው ነው። አረፋ የሚፈጥር ቅመም በልኩ ይግባበት፤ ከበዛ ሞርታሩን ያልፈሰፍሰዋል።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ዘይት ነው። ሮማዊው አርክቴክት ቪትሩቪየስ፣ ከ2,000 ዓመት በፊት፣ ውጭ የሚነጠፍ ወለል መጋጠሚያው በዘይት በታሸ ኖራ እንዲሞላና በየዓመቱ ብርዱ ሳይገባ የዘይት አተላ እንዲጠጣ መክሯል። ውርጭ እንዳይገባበት ነው። ዛሬ የተልባ ዘይት በላቦራቶሪ ተሞክሯል። ዘይቱ ከኖራው ጋር ሲገናኝ ውሃ የማይወድ ሳሙና ይሠራል፤ ቀዳዳዎቹ ሳይደፈኑ ውሃ መጠጣታቸው ይቀንሳል። እዚህም መጠኑ በጣም ትንሽ መሆን አለበት። «ትንሽ ጥሩ ከሆነ ብዙ ይሻላል» የሚል ሰው ዘይቱ አጠገብ ባይደርስ ይሻላል።

የሸክላ ጡብ ዱቄት ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ መጨመርም ይረዳል። ኖራው አየር ብቻ ሳይጠብቅ በውሃም እንዲጠነክር ያደርጉታል። ጊዜ ላጠረው ሰው ጥሩ ነው። ሆኖም ቀዳዳዎቹን ስለሚያጠብቡ ብቻቸውን ከውርጭ ያድናሉ ብዬ አልምልም።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ውርጭ አንድን ግድግዳ እኩል አይበላም። የሚበላው አናቱ ላይ፣ የዝናብ ፍንጥቅጣቂ የሚያገኘው እግሩ ላይ፣ የተቀደደ አሸንዳ ሥር ነው። ስለ ቅልቅሉ ከመከራከራችሁ በፊት መሰላል አቁማችሁ አሸንዳውን እዩት።