እርማት፦ የማዳጋስካር ፕሎቨር በአብያታ ዳርቻ አይገኝም

ማዳጋስካር ፕሎቨር ስለሚባለው ትንሽ የውኃ ዳርቻ ወፍ «ይህ ወፍ በእኛ ሐይቆች ዳርቻም ስለሚታይ ሊጠፋ ነው መባሉ የተጋነነ ነው» በማለት የሰጡት አስተያየት ብዙዎች የሚጋሩት ስሕተት በመሆኑ፣ በአክብሮት ማረም ግድ ሆኖብኛል። በአብያታና በዝዋይ ሐይቆች ዳርቻ ያዩት ወፍ ኪትሊትዝ ፕሎቨር የሚባለው የቅርብ ዘመዱ ሳይሆን አይቀርም፤ እርሱ ከሰሃራ በታች ባሉ በርካታ አገሮችና በራሷ በማዳጋስካርም ስለሚኖር ሥጋት የለበትም። የማዳጋስካሩ ፕሎቨር ግን ከዚያች ደሴት ውጭ በየትም አይራባም፤ በዋናነት የሚገኘውም በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ጠረፎቿ፣ በጨዋማ ረግረጎችና አጭር ሣር በበቀለባቸው ሜዳዎች ላይ ነው።

ሁለቱም ከዓይን ወደ አንገት የሚወርድ ጥቁር መስመር ስላላቸው መምታታታቸው አያስገርምም፤ እኔም በፎቶግራፍ ስመለከታቸው ተሳስቼ አውቃለሁ። መለያው ደረት ላይ ነው፦ የማዳጋስካሩ ወፍ ደረቱን የሚያቋርጥ ጥቁር መቀነት አለው፣ ኪትሊትዝ ግን የለውም።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት 3,100 ገደማ ወፎች እንዳሉ ገምቷል። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም «ለአደጋ የተጋለጠ» ከሚላቸው ዝርያዎች መድቦታል። ጎጆውን በገላጣ መሬት ላይ ይሠራል፤ በአንድ ጊዜ የሚጥለውም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ብቻ ነው፤ ደግሞም ረግረጉ ወደ ሩዝ ማሳ ወይም ወደ ሽሪምፕ ማርቢያ ኩሬ ሲለወጥ የሚሸሽበት ሌላ አገር የለውም።