ይድረስ ለአዳላጩ የኖራ ድንጋይ

ለክቡር ድንጋይ፣
አርንሳይድ ኖት፣ ከዛፎቹ ሥር፣ ከመውጫው መንገድ መሃል፣
ካምብሪያ፣ ሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ።

ጉዳዩ፦ ወገቤን ይመለከታል

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከወገቤና ከግራ ክርኔ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

አንቱ የምልዎ ፈርቼ አይደለም፤ ዕድሜዎን አክብሬ ነው። የድንጋይ አዋቂዎች ከ300 ሚሊዮን ዓመት በላይ ኖረዋል ይላሉ። እኛ ደግሞ አስተዳደጋችን ሆኖ ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫችን ብድግ እንላለን። እርስዎ ዘንድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የቆመ ሰው ሲያዩ ካላስቀመጡት ደስ አይልዎትም። እሱስ መቀመጥ ከተባለ ነው።

እርስዎን ለማያውቁ ሁለት ቃል ልበል። አርንሳይድ ኬንት የሚባለው ወንዝ ሞርካም ባሕረ ሰላጤ የሚገባበት ዳር ያለች ትንሽ መንደር ናት። ከማንችስተር በባቡር ይደረሳል። ከጣቢያው አጠገብ እ.ኤ.አ. ከ1857 ጀምሮ የቆመው ረጅም የባቡር ድልድይ ወንዙን አቋርጦ ሲሄድ ይታያል። ውኃው ሲሸሽ አሸዋው ወለል ይላል፤ ሲመለስ ደግሞ አይቻልም፣ በፍጥነት ነው የሚመጣው። ለዚህ ሲባል ማዕበሉ ሊገባ ሲል ሳይረን ይነፋል። ልብ ይበሉልኝ። ባሕር እንኳ ከመምጣቱ በፊት ያስጠነቅቃል። እርስዎ ግን ኮሽታ የለ፣ ጥሩምባ የለ፣ ዝም ብለው ነው።

ከመንደሯ ጀርባ እርስዎ የተጋደሙበት፣ አርንሳይድ ኖት የሚባለው ኮረብታ አለ። በደን የተሸፈነ ነው። ቁመቱ 159 ሜትር። አዎ፣ አንድ መቶ ሃምሳ ዘጠኝ። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ማለት ሰው ፍራሹ ላይ ተኝቶ እንኳ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ግድም ከፍ የሚልበት ከተማ ነው። ስለዚህ የሥራ ባልደረባዬ «ቅዳሜ አንድ ትንሽ ኮረብታ እንውጣ» ስትለኝ ሳቄ መጣ። እንጦጦ ማርያምን በጾም ሆዱ ወጥቶ የሚያስቀድስ ሕዝብ ልጅ በዚህች ጉብታ ይፈራል? ጫማዬም ደህና ጫማ ነው። ሻጩ «የትም መሬት ላይ ይይዛል» ብሎኛል። ሻጩ እርስዎን አያውቅዎትም።

ምሥጢርዎን ግን ደረስኩበት። የተሠሩት ካልሳይት ከሚባል ማዕድን ነው። ለስላሳ ነገር ነው፤ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ ከ10 የሚያገኘው 3 ብቻ ነው። በቢላ ይጫራል። ሰው ደግሞ በጫማው ሥር አሸዋ ይዞ ይመጣል። አሸዋ ውስጥ የሚበዛው ኳርትዝ ነው፤ እሱ 7 ያገኛል። እንግዲህ አንድ ሰው በረገጠዎት ቁጥር አሸዋው ይፈገፍግዎታል። ሌላው ይመጣል፣ ይፈገፍግዎታል። ልጅ ይዞ የሚመጣ አለ፣ ውሻ ይዞ የሚመጣ አለ። ሁሉም የድርሻውን ፈግፍጎ ይሄዳል። አራት ኪሎ ሊስትሮው የሰውን ጫማ ይወለውላል፤ እዚህ ሰው በጫማው እርስዎን ይወለውላል። ሊስትሮው ግን ይከፈለዋል። እኛ እንወድቃለን።

ይሄ ነው በጣም ያናደደኝ። ያ ሁሉ ማብረቅረቅ የመጣው ከእኛ እግር ነው። ሰው በበዛ ቁጥር ያምርብዎታል፤ ባማረብዎት ቁጥር ሰው ይጥላሉ። የማይረገጡት ወንድሞችዎ ከመንገዱ ወጣ ብለው ሻካራ እንደሆኑ፣ ሽበት አብቅለው፣ በጨዋነት ተቀምጠዋል። እርስዎ ብቻ ነዎት በሕዝብ ወጪ የተወለወሉት። እንዲህ ዓይነት ጠባይ ያለው ሹም አገር ቤት አውቃለሁ። ስም አልጠራም።

ደግሞ መልካም አርአያ አላገኘሁም እንዳይሉ። እዚያው አቅራቢያ ፔናይን ተራሮች ላይ ግሪትስቶን የሚባል ሻካራ የአሸዋ ድንጋይ አለ። ዝናብ ቢወርድበትም ጫማ ይይዛል። በዕድሜ ከእርስዎ ጥቂት ያንሳል። ታናሽዎ ሥርዓት ሲያውቅ እርስዎ ምን ነካዎት?

የእንግሊዞቹ ነገር ግን ከእርስዎም ይብሳል። ጠዋት የዘነበው ዝናብ ገና ከቅጠሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እርስዎም ርሰው ያብረቀርቃሉ። ሰባ ዓመት በደንብ ያለፋቸው አንዲት ሴትዮ በሁለት ከዘራ እየተራመዱ፣ ላብ እንኳ ሳይታይባቸው፣ በአጠገቤ አለፉ። ፈገግ ብለው «ዛሬ ትንሽ ያዳልጣል፣ አይደል?» አሉኝ። ትንሽ! እኔ በዚያ ሰዓት ሁለት እጄንና ሁለት ጉልበቴን መሬት ላይ አድርጌአለሁ። ውሻቸው ቆም ብሎ አየኝ። በአራት እግሬ መሆኔን ሲያይ ዘመድ መሰልኩት መሰለኝ፣ ጭራውን ቆላልኝ። በዚያ ኮረብታ ላይ ከልብ ያዘነልኝ እሱ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን አልክድም። ፊቴ ከእርስዎ አንድ ጋት ርቀት ላይ ሲደርስ፣ በፈቃዴ እንዳልደረሰ ይታወቅልኝና፣ ገላዎ ላይ ያለውን አየሁት። ጥቃቅን ክብ ክብ ቀለበቶች ተጠጋግተው ተደርድረዋል። ከእያንዳንዱ ቀለበት ጠርዝ ቀጫጭን መስመሮች ወደ መሃሉ ይገባሉ። እርጥበቱ ደግሞ አጉልቶ አወጣቸው፤ ደረቅ ቢሆኑ ላያቸውም አልችልም ነበር። ኮራል ነው፤ ባሕር ውስጥ የሚኖር ጥቃቅን እንስሳ። ድሮ ድሮ በሕይወት የነበረ ኮራል። ለካ እርስዎ የተወለዱት ሞቃት፣ ጥልቀት የሌለው ባሕር ውስጥ ነው። ያኔ ይሄ ዛሬ እንግሊዝ የሚባለው መሬት ምድር ወገብ አካባቢ ነበር። ከዚያ ነው በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር እየተንፏቀቁ ወደ ሰሜን የመጡት።

እንዴ! እርስዎም መጤ ነዎት ማለት ነው!

ግን የባንክ ስቴትመንት ማን ጠየቀዎት? አሻራ የት ሰጡ? የልደት ሰርተፊኬትዎን በስንት ብር አስተረጎሙ? የእንግሊዝኛ ፈተና አልተቀመጡም። ስለ እንግሊዝ ኑሮ የሚጠየቀውን የ24 ጥያቄ ፈተና በ45 ደቂቃ አልሠሩም። ዝም ብለው መጡ፣ ተጋደሙ፣ ይኸው የአገሬው ሰው ፎቶ ያነሳዎታል። አይደለም ልቀናብዎት፣ እሰየው ነው። ግን የምድር ወገብ ሰዎች ሆነን፣ በሰው አገር ተገናኝተን፣ እንዲህ መደራረግ ነበረብን? እኛ ሐበሾች እንኳ ባቡር ውስጥ ስንተያይ ቢያንስ በአንገት ሰላም እንባባላለን። ወይም እንዳላየ ሆነን እንተላለፋለን። አንጣጣልም።

ይባስ ብሎ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። ቀደም ሲል ሰዎች በረዶ ገፎት፣ ዝናብ ሸርሽሮት ያማረውን ቤተ ዘመድዎን እየነቀሉ ለአትክልት ቦታ ማስዋቢያ ይሸጡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የዱር እንስሳትና የገጠር ሕግ እንዲህ ያለውን የድንጋይ ንጣፍ በልዩ ትእዛዝ ማስጠበቅ ይቻላል አለ። ከዚያ ወዲህ በትእዛዙ የተጠበቀውን ድንጋይ መንቀል ወንጀል ነው። ጥሩ። የእኔ ወገብ ሲነቀልስ? እሱን የሚመለከት አንቀጽ ብፈልግ አጣሁ።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ አልፎ ጫፍ የደረሰ ሰው ምን ያገኛል? ዛፍ። አንድ የካርታ ሥራ የልኬት ምሰሶ ቆሟል፤ ዙሪያው ዛፍ ነው። ዕይታው ያለው ከጫፉ ዝቅ ብሎ ነው። ሰው ላብ በላብ ሆኖ ከወጣ በኋላ ለማየት መልሶ የሚወርድበት ኮረብታ እዚህ አየሁ። እዚያ ከፊት ለፊት ያሉትን የሌክ ዲስትሪክት ተራሮች ስም የሚያመለክት ሰሌዳ አለ። እኔ በሄድኩበት ቀን ተራሮቹ ሰሌዳው ላይ ነበሩ። ሰማዩ ላይ የነበረው ደመና ነው።

ስመለስ እንደገና እርስዎ ጋ ልደርስ ስል የሚያዝ ነገር ፈለግኩ። ባልደረባዬ ከመንገዱ ዳር ያለውን ቁጥቋጦ አሳይታኝ «ጥድ ነው» አለችኝ። ጥድ? እኛ አገር ጥድ ማለት ደብር ከቦ የሚቆም፣ ጥላው ስንቱን ጸሎተኛ የሚያስጠልል ግዙፍ ነገር ነው። ይሄኛው ወገቤ ጋ አይደርስም። ቢሆንም ዘመድ ነው ብዬ ብይዘው ወጋኝ። በመጨረሻ ያዳነኝ ዩ የሚባለው ጠቆር ያለ ዛፍ ነው። ሥሩን ከድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ከቶ እንዴት እንደቆመ እንጃ፣ ቅርንጫፉን ሰጠኝ። እሱን አቅፌ ወረድኩ። እቅፌ ሞቅ ያለ ስለነበር ከኋላ የመጡት ባልና ሚስት ዞር ብለው ጠበቁኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ጥያቄዬ ብዙ አይደለም። ተነሱልኝ አልልም፤ ሕጉንም ዕድሜዎንም አከብራለሁ። እለሰልሳለሁ ብለው የተነሱበትን ሥራም ይቀጥሉ፤ እኛም መፈግፈጋችንን አንተውም። የምለምነው እንደ ጎረቤትዎ ባሕር አንድ ሳይረን እንዲያስገቡ ነው። ይህም በጀት የለውም ከተባለ፣ በሚቀጥለው ስመጣ መጀመሪያ ግራና ቀኝ ይመልከቱና ሰው በሌለበት ይጣሉኝ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር፣
ፊርማው አይነበብም፤ ክርኔ ገና አልታጠፈም።

ግልባጭ፦
ለዝናቡ፤ ተባባሪነትዎ በምስክር ተረጋግጧል።
ለውሻው፤ ለሰላምታው ከምስጋና ጋር።
ከእርስዎ ዝቅ ብሎ መውረጃው ላይ ለሚጠብቀው ጭቃ፤ ከድጡ ወደ ማጡ የተባለው ለእርስዎ ነውና የራስዎ ደብዳቤ በመጻፍ ላይ ነው።