ምን ላይ ደረስህ?

ባለፈው ወር በአንድ ወዳጃችን ቤት ተሰብስበን ሳለ፣ አጠገቤ የተቀመጠውንና ከአሥር ዓመት በላይ የማውቀውን ሰው «ሰሞኑን ምን እያነበብህ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥያቄው ከልቤ ነበር፤ ይህ ሰው አገር ቤት ሳለ መጽሐፍ ከእጁ የማይለይ እንደነበር ከአብሮ አደጎቹ ሰምቻለሁና። እርሱ ግን ፊቱን አጠቆረና «ምነው፣ ፈተና ያለብኝ መሰለህ?» አለኝ። ባለቤቱም «ማንበብ ለተማሪ ነው ወንድሜ፤ እኛማ ጊዜው ከየት መጥቶ» ብላ ነገሩን ዘጋችው። ወሬው ወዲያው ወደ ቤት ኪራይና ወደ ሥራ ፈረቃ ተመለሰ፤ እኔም የማይገባ ነገር የተናገርሁ ያህል አፍሬ ዝም አልሁ። በአገርም በቋንቋም የማልገናኛቸው የሥራ ባልደረቦቼ በየሳምንቱ የሚጠይቁኝን ጥያቄ ከገዛ ወገኔ ጋር ልለዋወጠው አለመቻሌ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የምኖረው ሲያትል ነው። የምሠራው የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ታጥበው፣ ከጀርም ጸድተው በሚታሸጉበት ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ሥራው ትኩረት ስለሚፈልግ ሰው የሚጨዋወተው በእረፍት ሰዓት ብቻ ነው። በእረፍት ክፍላችን ግድግዳ ላይ አንድ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል። በላዩም ሦስት ዓምዶች ተሠምረውበታል፦ ስም፣ አሁን የሚነበበው መጽሐፍ፣ የተደረሰበት ገጽ። ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ የለም። አለቃም አያዝዝበትም፤ የማይፈልግ ስሙን ሳይጽፍ ይኖራል፤ የሚፈልግ ሰኞ ጠዋት ልብሱን ቀይሮ ሲገባ የቆየውን ቁጥር በእጁ ጠርጎ አዲሱን ይጽፋል።

የሌሊት ተረኛ የሆነች አንዲት ባልደረባችን ስለ ባሕር ጉዞ የሚተርክ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ይዛ ወራት ቆይታለች። ቁጥሯን እከታተል ነበር፤ 30፣ ከዚያ 52፣ ከዚያ 60፣ በሚቀጥለው ሳምንት 60፣ በሌላውም ሳምንት 60። ልጇ ታምሞባት እንደነበር ያወቅነው ከዚያች ያልተነቃነቀች 60 የተነሣ ነው፤ አንዱ «ምነው ቆምሽ?» ብሎ ሲጠይቃት ነገረችን። በኋላ 71 ብላ ስትጽፍ በክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ አጨበጨብንላት። ሌላው ባልደረባችን ደግሞ አንድ ቀን በገጹ ዓምድ «ተውሁት» ብሎ ጻፈ። እኔ በእርሱ ቦታ ብሆን ርእሱንም ስሜንም ጠራርጌ በደመሰስሁ ነበር። እርሱን ግን ሰው ሁሉ «ለምን ተውኸው? የቱ ጋ ሰለቸህ?» እያለ ሲጠይቀው ሰነበተ፤ ስለዚያ ስለተተወ መጽሐፍ የተደረገው ጭውውት ተነብበው ስላለቁት ሁሉ ከተደረገው ይበልጥ ነበር።

ከዚያ ከወዳጄ መልስ ወዲህ የራሳችንን አነጋገር ማስተዋል ጀምሬያለሁ። እኛ አንድን ሰው በዕውቀቱ ስናከብር «ያነበበ ሰው ነው» እንላለን፤ ነገሩ ያለቀለት፣ የተዘጋ ነው። «እያነበበ ነው» ስንል ግን ስለ ተማሪ መናገራችን ነው፤ በየቤታችን «ጸጥ በሉ፣ እያነበበ ነው» ከተባለ ነገ ፈተና አለ ማለት ነው። ስለዚህ ወዳጄ የሰጠኝ መልስ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ የለመድነው አነጋገር ያቀበለው ነው። አንብቦ ለጨረሰና ለሚፈተን ሰው ስም አለን፤ ልጆች አሳድጎ፣ ሥራ ውሎ ገብቶ፣ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ገጽ 60 ላይ ላለ ትልቅ ሰው ግን የምንጠራበት ስም የለንም።

ስለ መጽሐፍ ጨዋታ ሲነሣ እንኳ የምንጠያየቀው «አንብበኸዋል?» ብለን ነው። መልሱ ወይ አዎ ወይ አይደለም ነው፤ አዎ ያለ ይከበራል፣ አላነበብሁም ያለ ዝቅ ብሎ ይታያል። ከዚህ የተነሣ ስንቱ ሰው ሩቡን ብቻ የገለጠውን መጽሐፍ «አንብቤዋለሁ» ብሎ እንደሚያልፍ ሁላችንም እናውቃለን፤ እኔም ከአንድ ጊዜ በላይ አድርጌዋለሁ። «ምን ላይ ደረስህ?» ተብዬ ቢሆን ኖሮ ግን መዋሸት ባላስፈለገኝ ነበር።

እጅግ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ይህ ጥያቄ የእኛው የነበረ መሆኑ ነው። አጎቴ ያደጉት የኔታ ዘንድ ነው፤ እርሳቸው እንደሚነግሩኝ የአንድ ተማሪ ሁኔታ የሚገለጸው በእጁ ባለው ንባብ ነበር። ገና ፊደል ላይ ነው፣ መልእክተ ዮሐንስ ገብቷል፣ ወንጌል ላይ ደርሷል፣ ዳዊት ጀምሯል ይባላል። ከብት ሲያግድ ያገኘው፣ ውኃ ሲቀዳ ያገኘው ትልቅ ሰው ሁሉ «ምን ላይ ደረስህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ልጁም የያዘውን መዝሙር ይናገራል። መዝሙረ ዳዊት 150 መዝሙር ነውና ከመካከሉ ላይ ወራት መቆየት ያለ ነው፤ የቆየበት ይነገራል እንጂ አይደበቅም። አጎቴ ዛሬም የጎረቤታቸውን ልጅ ዕድሜ ረስተው እርሳቸው ከየኔታ ዘንድ ሲለዩ ያ ልጅ የቱ መዝሙር ላይ እንደነበረ ያስታውሳሉ።

በሬዲዮም የሆነ ነገር ነበረን። እዚህ የሲያትል ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ባልደረባ የነበረችው ናንሲ ፐርል እ.ኤ.አ. በ1998 «መላው ሲያትል አንድ መጽሐፍ ቢያነብስ?» የሚል ፕሮግራም ጀመረች፤ ሐሳቡም ወደ ሌሎች ብዙ ከተሞች ተዛምቷል። የከተማው ሰዎች ይህን በኩራት ሲያወሩ በሰማሁ ቁጥር ወደ አእምሮዬ የሚመጣው የኢትዮጵያ ሬዲዮ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በ«ከመጻሕፍት ዓለም» ሲተረክ፣ ሲያትል ይህን ከማሰቧ ከዓመታት በፊት፣ ያ ሁሉ አድማጭ አንድ ገጽ ላይ ነበር። ማንበብ የሚችለውና የማይችለው እኩል እዚያው ምዕራፍ ላይ ስለነበሩ በማግሥቱ ሲገናኙ «አንብበኸዋል?» አይባባሉም ነበር፤ የሚጠያየቁት «ትናንት የት ላይ አቆመ?» እያሉ ነበር። ያመለጠው ሰው አያፍርም፤ የሰማው ይነግረዋል።

ታዲያ ንባባችንን ከሰው ዓይን መሸሸግን ከወዴት ተማርነው? አንዱ ምክንያት ፍርሃት እንደሆነ አምናለሁ። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰብስቧል፤ ደራሲው በዓሉ ግርማም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አንባቢው የያዘውን ጮክ ብሎ አይናገርም ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ያደገ ሰው «ምን እያነበብህ ነው?» ሲባል ክው ቢል አልፈርድበትም። ሌላው ምክንያት የዋህ ነው፤ መጽሐፍ ውድ ስለሆነና ብዙ ጊዜም የውሰት ስለሆነ እንዳይቆሽሽ በጋዜጣ እንሸፍነዋለን። ሽፋኑ መጽሐፉን ከእድፍ ሲጠብቅ ርእሱንም አብሮ ይሰውረዋል።

ይህን በዓይኔ ያየሁት ለጥየቃ ወደ አዲስ አበባ በሄድሁ ጊዜ ነው። አራት ኪሎ ያለውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጎብኝቼ ስወጣ ልቤ በደስታ ተሞልቶ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው ያ ሰፊ ሕንፃ በወጣቶች ጢም ብሎ ነበርና። ብዙዎቹ ግን በደብተርና በተባዛ የትምህርት ወረቀት ላይ ያጎነበሱ፣ ለፈተና የሚዘጋጁ ነበሩ። ከዚያ በተሳፈርሁበት ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ጎልማሳ በጋዜጣ የተሸፈነ መጽሐፍ ያነብ ነበር። ጋዜጣው አርጅቶ ቢጫ ሆኗል፤ ጥጎቹ በፕላስተር ተጣብቀዋል፤ ሰውየው ጣቱን ከመስመር መስመር እያሳለፈ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። አላስቻለኝምና «ይቅርታ ወንድሜ፣ ምን እያነበቡ ነው?» አልሁት። መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘጋውና «እንዲሁ መጽሐፍ ነው» አለኝ። ጥያቄዬ ከመርማሪ የመጣ እንዳልሆነ እንዲረዳልኝ ብዬ እኔ ራሴ ምን እያነበብሁ እንደሆነና የቱ ገጽ ላይ እንዳለሁ ነገርሁት። መልስ ሳይሰጠኝ ቆየ። ሊወርድ ሲል ግን መጽሐፉን ገለጠና የርእሱን ገጽ ወደ እኔ አዙሮ በጣቱ ነካ ነካ አደረገልኝ፤ ከዚያም «መጨረሻው አካባቢ ነኝ፤ እንዳያልቅብኝ እየቆጠብሁት ነው» ብሎኝ ወረደ። በማግሥቱ መጽሐፍ በክንዳቸው ከምረው ከሚዞሩት አዟሪዎች ርእሱን ጠይቄ ጠይቄ ሦስተኛው ዘንድ አገኘሁት። ከዚያ ጉዞ ይዤ ከተመለስኋቸው መጻሕፍት ሁሉ አስቀድሜ የጨረስሁት እርሱን ነው፤ ስለ እርሱ የማወራው ሰው ባላገኝም።

በውጭ አገር ያለን ወገኖች ነገር ከዚህ የከፋ ይመስለኛል፤ እዚህ የሚያስፈራን ነገር የለምና። ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ሁሉ «መጽሐፍ አምጣልኝ» ብለን እናዝዛለን፤ ሻንጣው ውስጥ ቦታ ተሻምተን እናስመጣለን። የመጽሐፍ ምረቃ ሲኖር አዳራሹ ይሞላል፤ አስተያየት ይሰጣል፣ ግጥም ይነበባል፣ ደራሲው ይፈርምልናል፣ ሽፋኑን ይዘን ፎቶግራፍ እንነሣለን። ይህን ሁሉ እወዳለሁ፤ ደራሲዎቻችንም ይገባቸዋል። ነገር ግን ከዚያ ምሽት በኋላ ያንን መጽሐፍ በአንድ ቀን የገዛን ይህን ያህል ሰዎች ስንገናኝ አንዳችንም አንዳችንን «የት ደረስህ?» ብለን አንጠይቅም። እኔ ራሴ ስድስት የተፈረመባቸው መጻሕፍት አሉኝ፤ ስለ አንዳቸውም ከማንም ጋር ቁም ነገር አውርቼ አላውቅም። ደራሲው ሌሊቱን ሙሉ የደከመበት ዐረፍተ ነገር የቱ ሰው ጋ እንደደረሰ ሳያውቅ ወደ ሁለተኛው መጽሐፉ ይሻገራል።

የሲያትል ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ መጻሕፍትም አሉት። እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ በቀን የሚቆጠር የመዘግየት ቅጣት ስለቀረ አንባቢ እንደ እኔ ቀስ ብሎ ቢሄድም አይጨነቅም። ከዚያ አንድ የአማርኛ ልብ ወለድ ተውሼ ገጽ 88 ላይ ስደርስ በመካከሉ የተጣጠፈች ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ። በእርሳስ «እዚህ ድረስ» የሚል ተጽፎባታል፤ የእጅ ጽሑፉ የተማረ ሰው፣ ፊደሉን በሥርዓት የሚጥል ሰው ነው። ወረቀቷን ይዤ ብዙ ተቀመጥሁ። በዚህች ከተማ ውስጥ፣ ምናልባት በየሳምንቱ ሰላም የምለው፣ ምናልባት በዚያ ምሽት ከጎኔ ተቀምጦ የነበረ ሰው፣ እኔ ያለሁበት ገጽ ላይ ነበር። ቀጥሎ ጨርሶት ይሁን ወይም መልሶት ይሁን አላውቅም። ወረቀቷን እዚያው ገጽ 88 ላይ መልሼ ከበታቿ «እኔም» ብዬ ጻፍሁባትና መጽሐፉን መለስሁ።

ሰኞ ጠዋት ከሰሌዳው ፊት ቆሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዝሁትን የአማርኛ መጽሐፍ ርእስ በግእዝ ፊደል ጻፍሁ፤ ገጹንም 41 አልሁ። የሌሊት ተረኛዋ ባልደረባዬ ልትወጣ ስትል አየችውና ፊደሎቹን አንድ በአንድ እንዳነብላት ጠየቀችኝ፤ ተከትላኝም አለቻቸው። ከዚያ ጀምሮ ታሪኩ እስከ ደረስሁበት ድረስ ምን እንደሆነ በየሰኞው ታስተርከኛለች። ርእሱን የማታነብበውን፣ ወደ ቋንቋዋ ያልተተረጎመን መጽሐፍ ገጽ በገጽ ትከተላለች።

እሑድ ማታ ለአጎቴ ስደውል እንደ ወትሮው ጤናቸውን፣ ዝናቡንና የዘመድ አዝማዱን ሁኔታ ጠያየቅን። ልንሰነባበት ስንል «ጋሼ፣ ደግሞ ምን ላይ ደረሱ?» አልኋቸው። ዝም አሉ፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» ልል ስል ወንበራቸው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ቀጥሎም ወረቀት ሲገለጥ። መነጽራቸውን እየፈለጉ እንደሆነ ከትንፋሻቸው አወቅሁ። «ቆይ አንድ ጊዜ» አሉኝ፤ «ቆይ፣ ላጥፈውና… 146 ላይ ነኝ። አንተስ?»