ማስተካከያ፦ ስለ ክላውድ አገልግሎት አጀማመርና ስለ መጠባበቂያ ቅጂ

በሐዋሳ ለሚገኙ ነጋዴዎች ስለ ክላውድ አገልግሎት (በኢንተርኔት አማካይነት በሌላ ድርጅት ኮምፒውተሮች ላይ መረጃ ስለማስቀመጥና ስለመሥራት) አዘጋጅቼ ባሰራጨሁት ጽሑፍ ሁለት ስሕተቶች ስለተገኙ፣ አንባቢዎችን ይቅርታ እየጠየቅሁ አስተካክላለሁ።

አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2010 በማይክሮሶፍት ተጀመረ ማለቴ ትክክል አይደለም። በዚያ ዓመት ለገበያ የቀረበው አዙር የተባለው የማይክሮሶፍት የክላውድ አገልግሎት ሲሆን፣ አማዞን የተባለው ኩባንያ ግን የመረጃ ማከማቻውን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2006፣ የኮምፒውተር ኪራዩን ደግሞ በዚያው ዓመት ነሐሴ ጀምሮ ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ያነበበውን አምኖ የሚሠራ ሰው ሊጎዳ ይችላል። «ሰነዱን ክላውድ ላይ ያስቀመጠ ነጋዴ የመጥፋት ስጋት የለበትም» ብዬ ነበር። ፒያሳ አካባቢ ሱቅ ያለው ነጋዴ የዱቤ መዝገቡን በክላውድ በኩል በኮምፒውተሩና በስልኩ አገናኝቶ ቢይዝና ሠራተኛው ሳያውቅ የደንበኞችን ዝርዝር ቢሰርዝ፣ ስልኩ ላይ ያለውም መዝገብ ወዲያውኑ አብሮ ይሰረዛል። የቀድሞውን መመለስ የሚቻለው አገልግሎቱ የቆዩ ቅጂዎችን የሚይዝ ከሆነና የጊዜ ገደቡ ካላለፈ ብቻ ነው። ባለ አገልግሎቱ የሚጠብቀው ማሽኑንና ኤሌክትሪኩን ነው፤ የይለፍ ቃሉንና ማን ምን መሰረዝ እንደሚችል መወሰኑን የሚመለከተው ደንበኛው ነው። ስለዚህ ቢያንስ በየሳምንቱ አንድ ቅጂ ከኢንተርኔት ጋር ባልተገናኘ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ።

ሰርቨር (የድርጅቱን መረጃ የሚይዝ ዋና ኮምፒውተር) ከመግዛት ይልቅ በተጠቀሙት ልክ መክፈል ለጀማሪ ድርጅት መነሻ ካፒታል እንደሚቆጥብ የገለጽሁት ግን እንዳለ ይቆያል።