ቀዩን የጣሪያ ሸክላ ማን ሠራው?

ፕሬዚዳንት ትራምፕ በኦገስት 2025 እ.ኤ.አ. ስለ ፌዴራል ሕንፃዎች የፈረሙት ትእዛዝ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። አዲስ ፍርድ ቤትና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሠራ የጥንቱ መልክ ይመረጥ ይላል። በዝርዝሩ ውስጥ የስፔን ቅኝ ግዛት ዘመን ስልት አለበት። ማሳመኛው ደግሞ እነዚህ ስልቶች በየአካባቢው ታሪክ ሥር የሰደዱ ናቸው የሚል ነው።

እዚህ ካሊፎርኒያ ያ ማለት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ነጭ ልስን፣ ባለ ቅስት በረንዳ፣ የደወል ማማ፣ ቀይ የሸክላ ጣሪያ። ሎስ አንጀለስ ዩኒየን ስቴሽን የገባ ሐበሻ ሁሉ አይቶታል።

ይህን መልክ በየከተማው የበተኑት ግን የስፔን መነኮሳት አይደሉም። የባቡር ኩባንያዎች ናቸው። ካሊፎርኒያ በ1893 ቺካጎ ኤግዚቢሽን ላይ ሚስዮን (የስፔን መነኮሳት ተወላጆችን የሚያጠምቁበት ሰፈር) የሚመስል ሕንፃ አቆመች። ያኔ ከእውነተኞቹ ሚስዮኖች ብዙዎቹ ፈራርሰው ነበር። ሳንታፌና ሳውዘርን ፓስፊክ የተባሉት የባቡር ኩባንያዎች ነገሩን ወደዱት፤ መንገደኛ ይስባላ! ሳንታፌ ሳን ዲዬጎ ላይ በ1887 የሠራውን የገዛ ጣቢያውን አፍርሶ፣ በ1915 ለኤግዚቢሽን እንግዳ ባለ ሁለት ማማውን ከፈተ። ይሄ ንግድ ነው። ዩኒየን ስቴሽንም በ1939 የተከፈተው የድሮው ቻይናታውን በፈረሰበት መሬት ላይ ነው። የመጠበቂያ አዳራሹን ጣሪያ ቀና ብላችሁ እዩት። የእንጨት ወራጅ ይመስላል። ብረት ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሸክላው ነው። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተደቡብ በርሊንጌም የምትባል ከተማ አለች። የባቡር ጣቢያዋ በኦክቶበር 1894 ሥራ ጀመረ። በዚህ ስልት የተሠራ የመጀመሪያው ቋሚ ሕንፃ እሱ ነው ይባላል። ጣሪያው ላይ ያለው ሸክላ ተመሳስሎ የተሠራ አይደለም፤ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከሳን አንቶኒዮ ደ ፓዱዋ ሚስዮንና ሳን ማቴዎ ከነበረው የሚስዮን ቅርንጫፍ የመጣ ነው። የስቴቱ የታሪክ ሰሌዳ ይህን ይናገራል። የሁለቱ አርክቴክቶች ስም አለ። ገንዘብ ያወጡት ነዋሪዎችና የባቡር ኩባንያው ተጠቅሰዋል። ሚስዮኖቹም በስማቸው አሉ። ጭቃውን አቡክተው፣ ቅርጽ አስይዘው፣ በእሳት የተኮሱት ሰዎች ግን የሉም።

እነዚያ ሰዎች ሳሊናንና ኦሎኒ የሚባሉት የአገሬው ተወላጆች ናቸው። አንዴ ከተጠመቁ ሚስዮኑን ትተው እንዲሄዱ አይፈቀድላቸውም ነበር። የጠፋውን ወታደር ያድነዋል፤ ከተያዘ ይገረፋል። ለሥራቸው ደመወዝ የለም። ደግሞ ሸክላው ራሱ እንዴት እንደመጣ ስሙ። በ1776 ሳን ሉዊስ ኦቢስፖ ሚስዮን ላይ እሳት የተለኮሰበት ፍላጻ ተወረወረ። የሣር ክዳኑ ነደደ። መነኮሳቱ ወደ ሸክላ የዞሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሸክላ አይነድማ። ፖስትካርድ ላይ የምናደንቀው ቀይ ጣሪያ እንግዲህ ከተወላጆቹ ቁጣ መከላከያ ነው። ተወላጆች ያነደዱትን ክዳን፣ ተወላጆች በማይነድ እንዲተኩት ተደረጉ። ይህን «የአካባቢው ሥር» ብሎ ማወደስ ስድብ ነው። ያውም የሳሊናንም ሆነ የኦሎኒ ተወላጆች ዛሬም ከፌዴራል መንግሥት የጎሳ እውቅና አላገኙም። ሰዎቹን አላውቃችሁም ያለ መንግሥት፣ ጣሪያቸውን በትእዛዝ ያስደግማል!

«ግን እኮ ያምራል» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ያምራል። ታዲያ ስላማረ ብቻ ፌዴራል ፍርድ ቤት በሚስዮን አምሳል ይሠራ? የተገረፉት ሰዎች የልጅ ልጆች የመሬት አቤቱታቸውን ይዘው እንዲያ ያለ ደጅ ላይ ይቁሙ?

ይፍረሱ እያልኩ አይደለም። በፍጹም። ሳንታፌ ኩባንያ ኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ ከተማ ውስጥ በ1902 ያሠራውን አልቫራዶ ሆቴል በ1970 ሲያፈርስ ወንጀል ነው የሠራው። ቦታው መኪና ማቆሚያ ሆነ። ከ30 ዓመት በኋላ እዚያው ላይ የሆቴሉን መልክ የያዘ የትራንስፖርት ጣቢያ ተሠራ። ሰው የሚያየው አዲስ ሲሚንቶ ነው፤ አልቫራዶ ሄዷል።

ስለዚህ ያሉትን ጠግኑ። ባቡር ይቁምባቸው፣ ተሳፋሪ ይቀመጥባቸው። ለአዲስ ቅጂ ግን ከግብሬ አንድ ዶላር እንዲወጣ አልፈልግም። በርሊንጌም ያለው ሰሌዳ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ይጨመር፦ ሸክላውን የሠሩት ሳሊናንና ኦሎኒ ናቸው፣ ሳይከፈላቸው።